የክሪፕቶኮከስን ምንጭ በዘረመል መፈለግ፦ ከዛፍ ፍልፍል እስከ ጂኖም ንጽጽር

ክሪፕቶኮከስ የማጅራት ገትር ከሚያስከትሉ ፈንገሶች ዋነኛው ነው። በተለመደው መንገድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታካሚው ከአየር ጋር ይስበዋል፤ ወደ አየሩ የሚገባው ደግሞ ከእርግብ ኩስ፣ ከአፈር፣ ከበሰበሰ እንጨት ወይም ከዛፍ ፍልፍል ነው። ስለዚህ «ይህ ሰው ከየት ያዘው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ደጅ ላይ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ከታካሚው ፈንገሱን ማሳደግ፣ ከአካባቢው ናሙና ማሳደግ፣ የሁለቱን ዲኤንኤ ማንበብ፣ ማነጻጸር። ብዙ ጥናት የሚወድቀው ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ ሁለቱ ተመሳሰሉ ተብሎ ምንጩ ተገኘ ይባላል። መመሳሰል ዋጋ የሚኖረው የማይዛመዱት ምን ያህል እንደሚራራቁ ሲታወቅ ብቻ ነው። በ2012 አሜሪካ ውስጥ በተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ምክንያት በተነሣው ወረርሽኝ ኤክሰሮሂለም ሮስትራተም የተባለው ፈንገስ ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤው) ተነብቦ ነበር። ከታካሚዎችና ከመድኃኒቱ ብልቃጦች የተገኙት 28 ዘሮች (ለየብቻ ተለይተው ያደጉ የፈንገሱ ናሙናዎች) እርስ በርሳቸው ከሁለት የዲኤንኤ ፊደል በላይ አልተለያዩም፤ ከወረርሽኙ ውጭ ካለው የቅርብ ዘመዳቸው ጋር ግን ልዩነታቸው ወደ 136,000 ፊደል ነበር። መደምደሚያውን ያጸናው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ክሪፕቶኮከስ ላይ እንዲህ የጠራ ውጤት እምብዛም አይገኝም፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ሆስፒታሉ

ዛሬ ክሪፕቶኮከስ በአብዛኛው የሚታወቀው በአንቲጅን ስትሪፕ ነው፤ ይህም የፈንገሱን ቁራጭ በደም ወይም በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳይ የወረቀት ምርመራ ነው። ስትሪፑ ፈጣን ነው፣ ለሕክምናም ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ግን ምንም አይተውልንም። ፈንገሱ በሕይወት ካልተያዘ የሚነጻጸር ነገር የለም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ላብራቶሪ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ስትሪፑ ፖዚቲቭ ባለ ቁጥር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከተቀዳው የጀርባ ፈሳሽ የተረፈው ሳቡሮድ አጋር (የፈንገስ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ ይዘራ፣ በ30 ዲግሪ ይቀመጥ። «ከመድኃኒት በፊት» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍሉኮናዞል ሲያይልበት ፈንገሱ አንደኛውን ክሮሞሶም ሊያባዛ ይችላል፤ ይህም በኋላ በጂኖም ትንተናው ላይ የሌለ ልዩነት ሆኖ ይታያል።

ከታካሚው ፕሌት (የማሳደጊያ ሳሕን) ላይ አንድ ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የበቀለ ክምር) ብቻ አትውሰዱ። ቢያንስ አምስት ነጠላ ኮሎኒዎችን ለየብቻ አንሡ፣ እያንዳንዱን በ20 በመቶ ግሊሰሮል ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ። ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ከአምስት ታካሚ አንዱ ገደማ ከአንድ በላይ ዘር እንደሚሸከም አሳይቷል። አንድ ኮሎኒ ብቻ ያነበበ ሰው ትክክለኛውን ዛፍ አግኝቶም «አልተመሳሰለም» ሊል ይችላል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የታካሚው ስምምነት የሚገኘው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ነው። ስምምነቱ ውስጥ ቤቱና ግቢው ናሙና እንደሚወሰድባቸው በግልጽ ይጻፍ። ይህ ከተረሳ በኋላ ደጁ ላይ ሄዶ መለመን ይሆናል።

ቃለ መጠይቁን ከናሙና አሰባሰቡ አስቀድሙት። ክሪፕቶኮከስ ጋቲ (ከሁለቱ ዋና ዝርያዎች አንዱ፤ ሌላው ኒዮፎርማንስ ነው) በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት በ1999 ብቅ ካለ በኋላ ደሴቱን ጎብኝተው የታመሙ ሰዎች ሲጠኑ ሕመሙ የጀመራቸው ከ2 እስከ 11 ወር ቆይቶ ነበር። ስለዚህ «ባለፈው ወር የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ፋይዳ የለውም። ቢያንስ የ13 ወር እንቅስቃሴ ይጻፍ፦ የኖሩበት ቤት፣ የሥራ ቦታ፣ እንጨት የፈለጡበት፣ እርግብና ዶሮ ያረቡበት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ የጠረጉበት፣ የሄዱበት ገጠር። ከዚህ ሌላ የዕድሜ ልክ የመኖሪያ ታሪክም ያስፈልጋል፤ ኤችአይቪ ባለባቸው ወይም በሌላ ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅማቸው በደከመ ሰዎች ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የገባ ፈንገስ ተኝቶ ቆይቶ ሊነሣ ይችላልና። በ1999 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ከአፍሪካ ሄደው ፈረንሳይ ለዓመታት የኖሩ ታካሚዎች የያዛቸው ዘር ከፈረንሳዮቹ እንደሚለይ አሳይቷል፤ በሽታውን ይዘውት የሄዱት ከትውልድ አገራቸው ነበር። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቢታመም ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ ብቻ መፈተሽ ምንጩን ላያገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ደጅ ስትወጡ

ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የታወቀ መኖሪያው የደረቀ የእርግብ ኩስ ነው። ክሪፕቶኮከስ ጋቲ ደግሞ በዛፍ ይታወቃል፤ በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ ከቀይ ባሕር ዛፍ ተለይቶ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ ላይ አተኮረ። እኛ ዘንድም ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በየደጁ ስላለ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እዚያ ብቻ አትቁሙ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በኤችአይቪ ታካሚዎች ላይ ሲታይ የኖረው የክሪፕቶኮከስ ጋቲ ምንጭ በ2014 ይፋ የሆነው የ13 ዓመት ተማሪ የተሳተፈችበት ቡድን ከ30 በላይ የዛፍ ዓይነቶችን በስዋብ (ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው እንጨት) ጠርጎ ነው። ፈንገሱ የተገኘባቸው የካናሪ ደሴት ጥድ፣ የኒውዚላንዱ ፖሁቱካዋና የአሜሪካው ስዊትገም ነበሩ፤ ባሕር ዛፍ ከመካከላቸው የለም። በእኛ እምነት ከዛፉ ዓይነት ይልቅ የግንዱ ሁኔታ ይበልጥ ይናገራል፦ ያረጀ ዛፍ፣ የበሰበሰ ፍልፍል፣ ዝናብ በቀጥታ የማይመታው፣ ፀሐይ የማይገባበት፣ ውስጡ ቡናማ ዱቄት የሚመስል እንጨት ያለበት።

ለእያንዳንዱ ዛፍ፦

ጓንትና ኤን95 ጭምብል አድርጉ። የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከቡድኑ ጋር አይውጣ። የደረቀ ኩስ ከመነካቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ይረጭ፤ አቧራው ከተነሣ በኋላ ጭምብል ማጥበቅ ዘግይቷል።

ጥጥ የተጠቀለለበትን ንጹሕ ስዋብ በጨዋማ ውኃ (0.9 በመቶ) አርጥቡ። ደረቅ ስዋብ ብዙ አያነሣም። የፍልፍሉን ውስጠኛ ግድግዳ እያሽከረከራችሁ ጥረጉ፤ ከንፈሩን ሳይሆን ጥልቁን። ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውኃና ክሎራምፌኒኮል ወዳለበት ቱቦ ክተቱት። ከዚያው ፍልፍል 5 ግራም ያህል የበሰበሰ እንጨት በሌላ ከረጢት ጨምሩ። ከግንዱ ሥር አፈር፣ እርግብ ካለ ኩስ ለየብቻ ይወሰድ።

ቱቦው ላይ ቁጥር ብቻ ጻፉ። ቀኑ፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ የዛፉ ዓይነት፣ የፍልፍሉ ከፍታ፣ ወቅቱና የወሰደው ሰው በመዝገብ ይስፈሩ። የታካሚ ስም ያለበት ቱቦ ከሜዳ አይመለስ።

ናሙናው በክፍል ሙቀት ይጓዝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ይዘራ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተረሳ ሣጥን ከበረዶ ይልቅ ይጎዳል።

ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጓንት ቀይሩ፣ የጫማ ሶልና መሣሪያ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉ። የቫንኩቨሩ ዘር በመኪና ጎማ ከለላና በጫማ ላይ ሳይቀር ተገኝቷል። ሁለት ሩቅ ቦታዎች አንድ ዘር ካሳዩ ያዛመዳቸው ነፋስ ሳይሆን የእናንተ ጫማ ሊሆን ይችላል። ለዚህም በየዕለቱ አንድ ባዶ ስዋብ አርጥባችሁ፣ አየር ላይ ለአፍታ ይዛችሁ እንደ ናሙና አስገቡ። ባዶው ላይ ፈንገስ ከወጣ የዚያ ቀን ውጤት ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ገብቷል።

አሁን ዋናው ነገር። ታካሚው በሄደበት ቦታ ብቻ ናሙና ከወሰዳችሁ የምታገኙት የጠበቃችሁትን ብቻ ነው። ናሙናችሁን ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ታካሚው የኖረበትና የሠራበት ቦታ፣ ግማሹ ደግሞ በአየር ንብረትና በዛፍ ዓይነት የሚመሳሰሉ፣ እሱ ግን ያልረገጣቸው ቦታዎች። አንዳንዱ ከ10 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይራቅ። ብዙ ቡድን ገንዘብ ሲያልቅበት የሚቆርጠው ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ነው፤ ይሻል የነበረው የታካሚውን ቦታ ናሙና ቀንሶ ይህንን ማቆየት ነበር። ከአካባቢ ናሙና አብዛኛው ኔጌቲቭ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ አንድ ዛፍ አንድ ጊዜ ኔጌቲቭ መሆኑ ነጻ አያወጣውም። በበጋና በክረምት ደግማችሁ ጥረጉት።

የኑግ አጋር

ከዛፍ ፍልፍል የተወሰደ ናሙና ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ይርመሰመሳል። ክሪፕቶኮከስን ከዚያ መንጋ መሐል የሚያወጣው ምግብ የሚሠራው ከኑግ ነው፤ በመላው ዓለም የሕክምና ፈንገስ ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት፣ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም እንኳ አቢሲኒካ የሚል ስም የያዘው የእኛው ኑግ። ጀርመናዊው ሽታይብ ባህሪውን በ1962 አስታወቀ። ኑግ ውስጥ ካፌይክ አሲድ አለ፤ ክሪፕቶኮከስ ላኬዝ በተባለው ኢንዛይሙ ያንን ወደ ሜላኒን ይለውጠዋል። ስለዚህ ኮሎኒው ቡናማ ይሆናል፤ ሌሎቹ እርሾዎች ነጭ ወይም ክሬም መልክ እንደያዙ ይቀራሉ።

ለአንድ ሊትር፦
- ያልተቆላ ጥሬ ኑግ፣ 50 ግራም
- ግሉኮስ፣ 1 ግራም
- ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 1 ግራም
- ክሪያቲኒን፣ 1 ግራም
- አጋር፣ 15 ግራም
- ክሎራምፌኒኮል፣ 50 ሚሊ ግራም
- ባይፌኒል፣ 100 ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ አልኮል የሟሟ

ኑጉን ልቀሙ፣ አበጥሩ፣ በቡና መፍጫ ወይም በሙቀጫ አድቅቁ። ከሊትር በላይ በሆነ ውኃ ለ30 ደቂቃ አፍሉ፤ ሲፈላ ይገነፍላልና ዕቃው ሰፊ ይሁን። በአራት እጥፍ ጎዝ አጥሉት፣ የጎደለውን ውኃ ሞልታችሁ ወደ አንድ ሊትር መልሱት። ግሉኮሱን፣ ፎስፌቱን፣ ክሪያቲኒኑንና አጋሩን ጨምሩ፣ ፒኤቹን ወደ 5.5 አምጡ፣ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ኦቶክሌቭ አድርጉ። ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ ክሎራምፌኒኮሉንና ባይፌኒሉን ጨምራችሁ ፕሌት ላይ አፍሱ። ባይፌኒሉ ሻጋታን ይገታል፤ ትኩስ ላይ ከገባ ግን አልኮሉ ሊንቀለቀል ይችላል፣ እሳትም አጠገቡ አይኑር።

እዚህ ላይ ስህተት የሚፈጠርባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ግሉኮሱን ያበዛ ሰው ነጭ ኮሎኒ ያያል፤ ስኳር ሲበዛ ላኬዝ ይዳፈናል። በ37 ዲግሪ ያስቀመጠም እንዲሁ ቀለሙ ይደበዝዝበታል፤ 28 ወይም 30 ይሁን። ሦስተኛው የማይታወቅ ኑግ ነው፤ ገበያ ላይ ሌላ ፍሬ ተቀላቅሎበት ይገኛል። አዲስ ኑግ ባስገባችሁ ቁጥር የሚታወቅ ክሪፕቶኮከስና የሚታወቅ ካንዲዳ አልቢካንስ ጎን ለጎን ዝሩበት። አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ነጭ ካልሆነ ያ ጆንያ ለላብራቶሪው አይሆንም፤ ለዘይት ይዋል።

የስዋቡን ቱቦ ቮርቴክስ (መነቅነቂያ መሣሪያ) ላይ አናውጡት፤ 100 ማይክሮሊትር እንዳለ፣ 100 ማይክሮሊትር ደግሞ በ10 እጥፍ አቅጥናችሁ ዝሩ። እንጨቱን 5 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውኃ ለአምስት ደቂቃ ነቅንቁ፣ 30 ደቂቃ አስቀምጡ፣ ከላይ ከጠራው አምስት ፕሌት ላይ 100 ማይክሮሊትር ዝሩ። ኩስ በ10 ብቻ ሳይሆን በ100ም ይቅጠን፤ ካልሆነ ፕሌቱ በባክቴሪያ ይሸፈናል።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ተመልከቱ። በብርሃን አንጻር ፕሌቱን ስታዘነብሉት መጀመሪያ የሚታየው ክሬም መልክ ያላት፣ ንፍጥ የመሰለች፣ የምታብረቀርቅ ኮሎኒ ናት። ቡናማው ከመሐሏ ይጀምርና ወደ ዳር ይሰፋል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እንደተቆላ ቡና ትሆናለች። እስከ 10 ቀን ድረስ ፕሌቱን አትጣሉ፤ ከዛፍ የወጣ ጋቲ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቡናማ የሆነ ሁሉ ክሪፕቶኮከስ አይደለም፤ ጠጉር ያለው ሻጋታም ይጠቁራል። እርሾ መሆኑን በማይክሮስኮፕ እዩ።

ማረጋገጥና ማጥራት

በሕንድ ቀለም ካፕሱሉ (ሴሉን የሚከበው ልባስ) ይታያል፤ ከአካባቢ የመጣው ዘር ካፕሱሉ ቀጭን ሊሆን ስለሚችል አለመታየቱ አያስጥለው። ዩሪያ አጋር ወደ ሮዝ ይለወጥ፣ በ37 ዲግሪም ይብቀል። ጋቲን ከኒዮፎርማንስ ለመለየት የካናቫኒን፣ ግላይሲንና ብሮሞታይሞል ሰማያዊ አጋር ተጠቀሙ፦ ጋቲ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኒዮፎርማንስ ቢጫ ላይ ይተወዋል። ማልዲ ቶፍ (ጀርሙን በፕሮቲኖቹ ክብደት የሚለይ መሣሪያ) ያለው ላብራቶሪ ይህን በደቂቃዎች ይጨርሳል።

እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ በነጠላ ኮሎኒ አጥሩ፣ ከአንድ ናሙና ቢያንስ ሦስት ኮሎኒ አስቀምጡ፣ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ። ፕሌት ላይ ደጋግመን ባዛወርነው ቁጥር አዳዲስ ለውጥ ይጨምራል።

የታካሚና የዛፍ ናሙና በአንድ ቀን፣ በአንድ ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ አይከፈቱ። ይህ የጽዳት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው «ከላብራቶሪያችሁ የተሻገረ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመለሰው በመዝገቡ ነው። ሌላ ማሳሰቢያ፦ አሜሪካ ውስጥ ኮክሲዲዮይዲስ የተባለው አደገኛ ፈንገስ ከሚገኝበት አፈር እንዲህ ባለ ላብራቶሪ በፍጹም አይዘራም፤ የሦስተኛ ደረጃ ባዮሴፍቲ ይጠይቃል።

ዲኤንኤ ማውጣት

ካፕሱሉ ነው ችግሩ። ስኳር የመሰለው ልጥፍጥፍ ከዲኤንኤው ጋር ይወርዳል፣ ኢንዛይሙን ይገታል። ለዚህ ፈንገሱን ግማሽ ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ባለበት ዋይፒዲ (የእርሾ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ በ30 ዲግሪ ለ48 ሰዓት አሳድጉት፤ ካፕሱሉ ይሳሳል። ሁለት ጊዜ በውኃ እጠቡ። ጠንካራው የሴል ግድግዳ በሙቀት ብቻ አይሰበርም፤ 0.5 ሚሊ ሜትር የመስታወት ዶቃ ጨምራችሁ ምቱት፣ በየመሐሉ በረዶ ላይ አኑሩት። ከዚያ ሲታብ (ስኳሩን ከዲኤንኤው የሚለይ ሳሙና)፣ ክሎሮፎርም፣ አርኤንኤ የሚያጠፋ ኢንዛይም፣ በመጨረሻም በአይሶፕሮፓኖል ማውረድ።

መጠኑን በኩቢት (ዲኤንኤን ብቻ በሚያበራ ቀለም የሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ናኖድሮፕ (በብርሃን መምጠጥ የሚለካ መሣሪያ) ብቻ የሚጠቀም ይሳሳታል፤ አርኤንኤና ሌላ ቆሻሻ እንደ ዲኤንኤ ይቆጥርለታል። ናኖድሮፕ የሚያሳየው የ260 ለ280 የብርሃን መምጠጥ ጥምርታ 1.8 አካባቢ፣ የ260 ለ230 ደግሞ 2 አካባቢ ይሁን። ሁለተኛው ከ1 በታች ከወረደ ስኳሩ አልወጣም፤ እንደገና አጥሩት እንጂ ወደ ሲኩዌንሲንግ (ዲኤንኤ ንባብ) አትላኩት።

ሰባት ጂን ወይስ ሙሉ ጂኖም?

ዓለም አቀፉ የሰውና የእንስሳት ፈንገስ ማኅበር ያጸደቀው ሥርዓት ሰባት ቦታዎችን ያነባል፦ ካፕ59፣ ጂፒዲ1፣ አይጂኤስ1፣ ላክ1፣ ፒኤልቢ1፣ ሶድ1 እና ዩራ5። በሁለቱም አቅጣጫ ሲነበብ ለአንድ ዘር 14 ንባብ ማለት ነው። አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያነብ ተራ የሳንገር መሣሪያ ይበቃዋል። የሚሰጠው የዘር ዓይነት ቁጥር ነው፤ ኒዮፎርማንስ ከቪኤን1 እስከ ቪኤን4፣ ጋቲ ከቪጂ1 እስከ ቪጂ4 ባሉ ትልልቅ ቤተሰቦች ውስጥ ይመደባል።

ይህ ዘዴ ለማጣራት እንጂ ለመወሰን አያገለግልም። ሰባቱ ከተለያዩ ዛፉ ምንጭ አይደለም ማለት ይቻላል፤ በርካሽ ዋጋ ብዙ ናሙና ይጥልላችኋል። ሰባቱ ከተመሳሰሉ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ቪኤን1 ውስጥ አንዳንዱ ዓይነት በበርካታ አገሮች ተሠራጭቷል፤ የካምፓላና የአዲስ አበባ ታካሚ አንድ ቁጥር ቢይዙ አይገርምም።

ስለዚህ ያለፉት ሙሉ ጂኖማቸው ይነበብ። የኒዮፎርማንስ ጂኖም ወደ 19 ሚሊዮን ፊደል፣ 14 ክሮሞሶም ነው። እያንዳንዱ ፊደል 50 ጊዜ እንዲነበብ ለአንድ ዘር አንድ ቢሊዮን ፊደል ገደማ ያስፈልጋል፤ በ150 ፊደል ጥንድ ንባብ ሲሰላ ከሦስት ሚሊዮን ጥንድ ትንሽ በላይ። ናሙና ሲበዛ ንባቡን ከ50 በታች አውርዶ ብዙ ዘር ማጨቅ ያጓጓል፤ እኛ ዘሮቹን ቀንሶ ንባቡን ማጥለቅ ይሻላል እንላለን።

ከሁሉም በላይ አንዱን ዘር ሁለት ጊዜ ከተለያየ ዲኤንኤ አውጥታችሁ አስነብቡት። በሁለቱ መካከል የሚታየው «ልዩነት» የመሣሪያውና የትንተናው ስህተት ነው። አራት ልዩነት ካሳየ፣ በታካሚና በዛፍ መካከል የሚገኝ አራት ልዩነት ትርጉም የለውም።

ትንተናው

ንባቡን በፋስትፒ ፕሮግራም አጽዱ፣ በቢደብሊውኤ ፕሮግራም መነሻ ጂኖም (ለንጽጽር የሚያገለግል አስቀድሞ የተነበበ ጂኖም) ላይ አስቀምጡ። መነሻው የሚመረጠው በቤተሰቡ ነው፦ ለቪኤን1 ኤች99፣ ለቪጂ2 አር265፣ ለቪጂ1 ደብሊውኤም276። ጋቲን በኤች99 ላይ ያሰለፈ ሰው ግማሹን ንባብ ይጥላል፣ የቀረውም ውሸት ይሞላዋል።

ልዩነቱን በጂኤቲኬ ፕሮግራም ስታወጡ ፕሎይዲን (የክሮሞሶም ስብስብ ብዛትን) 1 አድርጉ፤ ፈንገሱ ከእያንዳንዱ ክሮሞሶም አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነው። መሣሪያው ካልተነገረው እንደ ሰው ጥንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ ንባቡ ከ10 በታች የሆነበትን፣ ከንባቡ 90 በመቶው የማይስማማበትን፣ የሚደጋገሙ የጂኖም ክፍሎችንና የክሮሞሶም ጫፎችን አስወጡ። በአንድ ዘር ላይ በመላው ጂኖም ግማሽ በግማሽ የሆነ ፊደል በብዛት ከታየ ወይ ሁለት ዘር ተቀላቅሏል ወይም ድቅል የሆነው ቪኤን3 ነው። አንድ ክሮሞሶም ላይ ብቻ ከሆነ የዚያን ክሮሞሶም የንባብ ጥልቀት እዩ፤ እጥፍ ከሆነ ተባዝቷል።

በሁሉም ዘሮች ላይ የተነበቡ ቦታዎችን ብቻ ይዛችሁ የልዩነት ሠንጠረዥ ሥሩ፣ በአይኪውትሪ ፕሮግራም የዝምድና ዛፍ አውጡ። ተለዋዋጭ ፊደሎችን ብቻ የምታስገቡ ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀውን ማረሚያ አብሩት፤ ካልሆነ ቅርንጫፎቹ ይረዝማሉ።

ሠንጠረዡን ማንበብ

ለክሪፕቶኮከስ «ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ አንድ ነው» የሚባል ገደብ የለም። ገደቡን የምታወጡት ከራሳችሁ ናሙና ነው። ለምሳሌ እንበል፦ በድግግሞሽ የተነበበው ዘር በ2 ፊደል ተለያይቷል። ከአንድ ዛፍ የወጡ አምስት ኮሎኒዎች ከ2 እስከ 9 ይለያያሉ። ታካሚው ከዚያ ዛፍ ጋር ያለው ልዩነት ከ3 እስከ 11 ነው፣ ታካሚው ካልረገጣቸው ቦታዎች ከተገኘው ከሁሉም ቅርብ ዘር ጋር ደግሞ 260። እዚህ ላይ ታካሚው በዛፉ ውስጥ ባለው ልዩነት መሐል ይወድቃል፣ ከሌላው ዓለም ይርቃል። ጠንካራ ማስረጃ ነው።

አሁን አንዱን ቁጥር ብቻ እንቀይር። ከ200 ኪሎ ሜትር ርቀት የተወሰደ ዘር ከታካሚው የሚለየው በ7 ቢሆንስ? የታካሚውና የዛፉ መመሳሰል አንድ ፊደል እንኳ ሳይነካ ማስረጃነቱ ጠፋ፤ ያገኛችሁት በክልሉ ሁሉ የተሠራጨ ዘር ነው። ከንጽጽር ቦታዎች ናሙና ያልወሰደ ቡድን ይህን ሁለተኛውን ሁኔታ ከመጀመሪያው የሚለይበት መንገድ የለውም።

የዝምድናው ዛፍ ላይም የታካሚው ዘር የት እንደገባ እዩ። ከአካባቢው ዘሮች መሐል ቅርንጫፍ ሆኖ ከወጣ ጥሩ ነው። ከጎን ብቻ የቆመ ከሆነ ሁለቱ ገና ያልተጠረገ አንድ ሌላ ምንጭ ሊጋሩ ይችላሉ። የሎስ አንጀለሱ ሥራ ላይ የታካሚዎቹ ዘሮች የተሰበሰቡት ዛፎቹ ከመጠረጋቸው ከዓመታት በፊት ነበር፤ ቢሆንም ከዛፎቹ ዘሮች ጋር በጣም ተቀራረቡ። ይህ የሚያሳየው ዘሩ በአካባቢው መቀመጡን ነው እንጂ እገሌ የተባለው ታካሚ ከእገሌ ዛፍ መያዙን አይደለም። ልዩነቱ በሪፖርቱ ውስጥ መጥራት አለበት።

አንዳንድ ዘር ስህተት አራሚ ጂኑ ተበላሽቶ ከሌሎቹ በፍጥነት ይለዋወጣል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዘር ብቻውን ከሁሉም የራቀ ከመሰለ «የተለየ ምንጭ» ከማለታችሁ በፊት የአራሚ ጂኖቹን ሁኔታ ተመልከቱ። እንደ ቪጂ3 ያሉ የሚዳቀሉ ቤተሰቦች ላይ ደግሞ የጂኖሙ አንዱ ክፍል ከአንድ ዘመድ፣ ሌላው ከሌላ ሊመጣ ስለሚችል፣ ጠቅላላ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ልዩነቶቹ በአንድ ቦታ መከማቸታቸውንም አረጋግጡ።

ውጤቱን መንገር

ሪፖርቱ ላይ «ምንጩ ነው» ሳይሆን «ከምንጭነት ጋር ይጣጣማል» ተብሎ ይጻፍ፤ ከጎኑ ሦስቱ ቁጥሮች ይቀመጡ፦ የድግግሞሽ ስህተቱ፣ በዛፉ ውስጥ ያለው ልዩነት፣ የቅርቡ የንጽጽር ዘር ርቀት። የንጽጽር ቦታዎች ብዛትና ኔጌቲቭ የሆኑ ናሙናዎችም ይጻፉ።

ዛፍ ፖዚቲቭ ሲሆን ቤተሰቡ የሚጠይቀው «እንቁረጠው?» ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አይሆንም ነው። መጋዙ አቧራውን ያስነሣል፣ ጎረቤት ያለው ዛፍም ተመሳሳይ ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። በቤቱ ውስጥ የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ካለ ግን ያን ፍልፍል እንዳይነካ፣ እንጨቱን እንዳይፈልጥ፣ የእርግብ ኩስ የሚጠርገው ሌላ ሰው እንዲሆን፣ ከመጠረጉም በፊት እንዲረጥብ ንገሯቸው። ራስ ምታቱ ቶሎ የማይለቅ ከሆነም ሐኪም ዘንድ ሄዶ የአንቲጅን ምርመራ ይጠይቅ።

ጥሬ ንባቡን ለሁሉም ክፍት በሆነ የጂኖም ቋት አስገቡ፤ የእናንተ ንጽጽር ለሌላው መነሻ ይሆናል። የጂፒኤስ ነጥቡ ግን እንዳለ አይሰጥ። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ሲቀር ቦታው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደበዝዛል፤ ለሳይንሱ ይበቃል፣ የታካሚውን ደጅ ግን አያሳይም። ጥቂት ቤት ብቻ ባለበት ገጠር ሁለቱም አኃዝ ይበዛሉ፤ ወረዳውን መጻፍ ይሻላል።